ሲሶው የጠቆረ ሞተር

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

ይሄን ደብተር የገዛሁት የየሞተሩን የሽቦ ውፍረትና የዙር ብዛት ልጽፍበት ነበር። ልጄ ሚጡ ናት በስልክ፣ "እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጋር ነው የምታወሪው፤ የሆድሽን ለምን አትጽፊም?" ያለችኝ። እሷ ሌላ ከተማ ተቀምጣ ለእኔ ሆድ ታስባለች። ይሁን እስቲ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩትን ጽሕፈት አሁን እቀጥላለሁ።

ሥራዬ የተቃጠለ ሞተር መጠቅለል ነው። የአባቴ ሥራ ነበር። የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ፣ የማራገቢያ ሞተር፣ ያመጡልኝን እከፍታለሁ፣ የተቃጠለውን ሽቦ ነቅዬ አዲስ እጠቀልላለሁ። በሩ ወደ መንገድ ስለሚከፈት አላፊ አግዳሚውን ሁሉ እያወራሁ ነው የምሠራው።

ዛሬ የገባው ግን የራሳችን ነው። ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ፣ አሁን ባለ ሦስት እግር የባትሪ ተሽከርካሪ ይዞ ከገበያው ሥር እስከ ዳገቱ ጫፍ፣ ክሊኒኩ ድረስ ሰው ያመላልሳል። የተራው ሾፌሮች እየገፉ አመጡለት። ሞተሩ ሸትቷል። በአንድ ወር ሁለተኛው ነው።

"ሞተሩ ደካማ ነው" አለ ከበሩ ሳይገባ።

"ባለፈው እኔ ነኝ የጠቀለልኩት።"

"ሽቦው ይሆናላ ደካማው" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሲገባ ግን ደረጃዋን በግራ እግሩ ነው የወጣት። ሁልጊዜ በቀኙ ነበር የሚወጣው መሰለኝ። እንጃ፣ ማን ይቆጥራል።


ሰኔ 6፣ ሐሙስ

ሞተሩን ከፈትኩት። የማየውን እዚህ ልጻፈው፤ ለማንም አልናገረውም።

የዚህ ዓይነት ሞተር ውስጡ ሦስት የጥቅል ወገን አለው። አባቴ "ሦስቱ እህትማማቾች" ይላቸው ነበር፤ ተራ በተራ ነው የሚገፉት። ጭነት በዝቶበት እየሮጠ የተቃጠለ ሞተር ሦስቱም እኩል ይጠቁራሉ፤ እንደ ረሳሽው ዳቦ ዙሪያውን። ይሄኛው ግን ሲሶው ብቻ ነው ከሰል የሆነው። የሁለቱ መዳብ እንደ አዲስ ቀይ ነው።

እንዲህ የሚሆነው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ቆሞ እያለ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው። ሞተር ሲዞር እሱም በበኩሉ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያመነጨውን ወደ ባትሪው መልሶ ይገፋል። "በቃኝ" እንደማለት ነው። ቆሞ ሲገፋ ግን በቃኝ የሚል የለም። ጉልበቱ ሙሉ ነው፣ መኪናውን ዳገት ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ከባትሪው የሚመጣው ሁሉ ግን ተራ የደረሳት አንዷ እህት ላይ ይፈስሳል። የቤንዚን ሞተር ቢሆን ይንቀጠቀጣል፣ ያስላል፣ ይጠፋል። ይሄ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚቃጠለው።

ምሳ ላይ ጠየቅኩት። "ዳገቱ ላይ ስትቆም በጋዝ ነው እንዴ የምትይዘው?" ባትሪ ቢሆንም እጀታውን ጋዝ ነው የምንለው።

"ሠላሳ ዓመት ነድቼ አሁን ደግሞ ፍሬን አስተምሪኝ።"

"አይ፣ ለሞተሩ ብዬ ነው።"

"ለሞተሩ ከሆነ ጠቅልዪው።"

ልማድ ነው። የጭነት መኪና ሾፌሮች ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ለቀው ይይዛሉ፤ ፍሬን አይረግጡም፤ የሙያ ኩራት ነው። ያንን ይዞት መጥቶ ነው። በቃ፣ ልማድ ነው።


ሰኔ 7፣ ዓርብ

ጠቅልዬ ጨረስኩ። ቫርኒሹ እየደረቀ ነው።

ማለዳ ሲወጣ ምንጣፉ አደናቀፈው። ምንጣፉን አነሳሁት።


ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ዛሬ "ክሊኒክ ጉዳይ አለኝ" ብዬ ከኋላው ተሳፈርኩ። ጉዳይ የለኝም።

ስድስት ሰው ሞላን። አንዲት ቅቤ ነጋዴ "ሹፌሩ፣ ዛሬ እመቤቲቱን ጭነህ ነው፣ ቀስ በል" ትለዋለች፤ እሱም "እሷን ከጣልኩማ ማን ይጠቀልልልኛል" ይላታል። ሰው ሳቀ። ባሌ ጨዋታ አይጠፋውም።

ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ጋ መንገዱ ይጠባል። ከላይ የሚወርድ መኪና ካለ የሚወጣው ቆሞ ማሳለፍ አለበት። ቆምን። ፍሬኑ በቀኝ እግር የሚረገጥ ነው። ከኋላው ሆኜ ወደ እግሩ አየሁ። እግሩ ፍሬኑ አጠገብ ነው፣ ላዩ ላይ አይደለም። ሞተሩ በቀጭኑ እንደ ወባ ትንኝ ያፏጫል። እጁ ጋዙ ላይ ነው። አንዴ እግሩን ሊያነሳው ሞከረ፤ ጉልበቱ ከፍ አለ፣ የእግሩ ጫፍ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እንደ እርጥብ ካልሲ።

አንዲት አስተማሪ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር፤ በየቀኑ በሱ ነው የምትሄደው። እሷም ወደ እግሩ እያየች ነበር። አየኋትና መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረች።

ቤት ስንገባ "ማርሹ ነው ችግሩ" አልኩት። "ለዚህ ዳገት የተሠራ አይደለም። እቀይረዋለሁ።"

"እሺ ቀይሪው" አለ። እንዲህ ቶሎ እሺ ብሎኝ አያውቅም።


ሰኔ 16፣ እሁድ

ቶርኖ ቤት ነበርኩ። ሞተሩ ላይ የትንሿ ማርሽ ጥርስ አሥራ አራት፣ ጎማው ጋ የትልቁ አርባ ሁለት ነበር፤ ጎማው አንዴ እንዲዞር ሞተሩ ሦስቴ ይዞራል። አሁን ትንሿን አሥራ አንድ፣ ትልቁን ሃምሳ አምስት አስደረግኩት፤ ሞተሩ አምስቴ ይዞራል። ፍጥነቱን ሰጥተሽ ጉልበት ትቀበያለሽ፤ ከዚህ ውጪ ምሥጢር የለውም። በፊት አምስት እጅ ኤሌክትሪክ የሚፈጀውን ዳገት አሁን በሦስት እጅ ይይዘዋል። ሙቀቱማ ከዚያም በላይ ነው የሚወርደው፤ ወደ ሲሶ ገደማ። ቆሞ ቢይዝ እንኳ ቶሎ አይነድም።

ቆሞ ቢይዝ እንኳ። ይሄን ለቶርኖ ሠሪው አልነገርኩትም።

"እትዬ፣ ይሄ ለድንጋይ መጫኛ እንጂ ለሰው አይሆንም" አለኝ። "ከሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር በላይ አይሮጥልሽም።"

"ዳገት ነው።"

"ዳገቱ ድሮም ነበር።" ብረቱን እያላጠ ቆየና፣ "ጋሼ እግራቸውን ምን ሆነው ነው?" አለኝ።

"ጫማው ነው። ጠቦታል።"

አፌ እንዴት ቶሎ እንደመለሰ። አስቤበት እንደነበር ያስታውቃል።


ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ተራው ላይ ስም አውጥተውለታል፤ "ኤሊ" ይሉታል። ተራ አስከባሪው "ክሊኒክ በኤሊ፣ የማይቸኩል በሽተኛ ግባ" እያለ ይጣራል አሉ። ቅቤ ነጋዴዋ "እኔ ወርጄ በእግሬ ልሂድና ስትደርስ ልቀበልህ" ብላዋለች። ባሌ እየሳቀ ነው የነገረኝ።

ማታ ሲገባ ሞተሩን በመዳፌ ዳሰስኩት። ለብ ያለ ነው፤ እንደ ሕፃን ግንባር። ደስ አለኝ። ከልቤ ነው ደስ ያለኝ፤ ይሄም ይጻፍ።

ቀበቶው ላይ በሚስማር ሌላ ቀዳዳ በስቷል። "ሾርባሽ ነው ያከሳኝ" አለኝ።


ሰኔ 30፣ እሁድ

ከምሳ በኋላ ጋደም አለ። ደጅ ዝናብ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ እጀ ጉርዱ ወደ ላይ ተሰብስቦ ክንዱ ይታያል። እሱ ተኝቷል፣ ክንዱ ግን አልተኛም። ከቆዳው ሥር እዚህም እዚያም ይርገበገባል፤ ጠብታ እንደሚወርድበት ኩሬ። መዳፌን አኖርኩበት። አልቆመም።

ሽንኩርት ነው ያስለቀሰኝ።


ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ዛሬ ራሱ ጠየቀኝ። "የእጅ ፍሬን መሪው ላይ ብታስገቢልኝ። ለዝናቡ ይሻላል፤ ጫማ ያንሸራትታል።"

"ጥሩ ሐሳብ ነው" አልኩት። የሞተር ብስክሌት የፍሬን መያዣ አግኝቼ ገመዱን ወደ ኋላ ጎማዎቹ ሳብኩት። ግማሽ ቀን ፈጀ። ሁለታችንም ስለ ዝናብ አወራን። ስለ ዝናብ ይሄን ያህል የሚወራ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር።

ሚጡ ደወለች። "አባዬ ደህና ነው?" ደህና ነው አልኳት። "ድምፁ ተጎተተብኝ እኮ እማዬ፤ የሰከረ ሰው ይመስላል።" ጥርሱን አሞት ነው አልኳት። ለእግሩ ጫማ፣ ለድምፁ ጥርስ።


ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። የወፍጮ ሞተር ሁለት ገብቷል።

ብርጭቆ ሰበረ። ትናንትም።

ጋዙ ከበደኝ አለ። እጀታውን የሚመልሰውን ስፕሪንግ በቀጭን ቀየርኩለት፤ አሁን በሁለት ጣት ይዞራል።

ይሄ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ ማርሹ፣ ቀጥሎ ፍሬኑ፣ አሁን ስፕሪንጉ። መኪናዋን ወደሱ እያወረድኳት ነው። ነገ ምን ይጠይቀኝ ይሆን?

ልነግረው ይገባ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ።


ሐምሌ 11

አልነገርኩትም። ደክሞት ነበር።


ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

ወደ ኋላ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ጋ። አምስት ሰው ጭኖ።

የሞተ የለም። የሞተ የለም። የሞተ የለም።

አስተማሪዋ እጇ ተሰብሯል።


ሐምሌ 21፣ እሁድ

አሁን ልጻፈው።

ዝናብ ነበር። ከላይ የዕቃ መኪና ሲወርድ ቆመ። በጋዝ ያዘ፤ ሞተሩ ያዘለት፤ አዎ፣ ማርሹ ጥሩ ማርሽ ነው። የዕቃ መኪናው ግን አልፎ አላለቀም፤ ረጅም ነበር። ጣቶቹ ከጋዙ ላይ ተፈቱ። የእጅ ፍሬኑን በሌላው እጁ ያዘ፤ መጭመቅ አቃተው። እግሩማ ድሮም የለም። ስምንት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተው የልብስ ሰፊዋን አጥር ገጭተው ቆሙ። አስተማሪዋ ስትወድቅ በእጇ ደገፍ ብላ ነው አንጓዋ የተሰበረው።

ፖሊሱ እዚያው ቆሞ ሲጽፍ ደረስኩ። "ፍሬኑን ማን ነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ።"

"እና ምን ሆነ?"

ባሌ "ዝናብ ነው፣ ውሃ ገብቶበት ነው" አለ። ፖሊሱ ወደኔ ዞረ። "አዎ፣ ውሃ ሲገባበት ያንሸራትታል" አልኩ። ጻፈው። እኔ የሠራሁት ፍሬን ውሃ አይገባበትም። የሚጨምቀው እጅ ካለ ስድስት ሰው ያቆማል።

ዛሬ አስተማሪዋን ልጠይቅ ሄድኩ። እጇ ነጭ ሆኖ ታስሯል። ብርቱካን ይዤ ነበር፤ እንዴት እንደምትልጠው አላሰብኩም፤ ቁጭ ብዬ ላጥኩላት። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"እትዬ፣ ጋሼ እግራቸውን መጎተት ከጀመሩ እኮ ቆይተዋል። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ አይተዋል። አሟቸው ነው እያልን ስናወራ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም ብለሽ ተሳፈርሽ?"

"ሌላ ከተሳፈርኩ ጋሼ ያውቁብኛል ብዬ። ያዝኑብኛል።" የታሰረውን እጇን አስተካከለችና፣ "እርስዎ አላወቁም ብለን ነበር" አለችኝ። "ቢያውቁማ አያስነዷቸውም ነበር።"

ብርቱካኑን ጨርሼ ላጥኩ። አንድም ነጭ ነገር ሳይቀር ላጥኩት።

በእሷ ቤት ያላለቀስኩትን መንገድ ላይ አለቀስኩ። ሁሉም ያውቃል። ቅቤ ነጋዴዋ ታውቃለች፣ ቶርኖ ሠሪው ያውቃል፣ ሁሉም እንዳላየ ሆኖ ይሳፈራል፤ አዋቂዋ እኔ ደግሞ ማርሽ እቀይራለሁ። እኔ እኮ ሞተር ከፍቼ ምን እንዳገኘው በዓይኔ የማነብ ሰው ነኝ። አልገባኝም ማለት የማልችል እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቤት ገብቼ ከበሩ ላይ ቆሜ "ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አልኩት።

"እሺ" አለ። እሱ ደግሞ እሺ ሲል ነው የምፈራው።


ሐምሌ 29፣ ሰኞ

ከሳምንት ምርመራ በኋላ ዛሬ ትልቁ ሐኪም አየን። ቀጭን መርፌ ክንዱና እግሩ ላይ እየወጋ ከማሽን ጋር አገናኘው። ማሽኑ የጡንቻውን ኤሌክትሪክ በድምፅ ያሰማል። አርፎ ተኝቶ ሳለ ዝም ማለት ነበረበት አለን። ዝም አላለም፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንጣጣል።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ ነው ያስረዳን። ጡንቻው ላይ አይደለም ችግሩ፤ ትእዛዝ የሚያደርሱለት ነርቮች እየሞቱ ነው። ከእግር ጀመረ፣ እጅ ደረሰ፣ ምላሱም ላይ ምልክት አለ። መድኃኒቱ ትንሽ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ስንት ጊዜ አልኩት። የሚለያይ ነው አለ፤ ሁለት ዓመት፣ ሦስትም፣ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። እንዲህ ሲናገር ወደ እጄ ነበር የሚያየው። ጥፍሬ ውስጥ ቫርኒሽ አለ።

"መጀመሪያ ያስተዋላችሁት መቼ ነው?"

"በዚህ ወር" አልኩ።

"ጥር ላይ" አለ ባሌ።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለች፤ ተቀመጥን። አጠገባችን አንድ ሰው ጋዜጣ ዘርግቶ እንቅልፍ ወስዶታል።

"ከጥር ጀምሮ?" አልኩት።

"ጥር ላይ ጫማዬ ወለቀብኝ። ሲወልቅ አልተሰማኝም።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺስ?"

ከጥፍሬ ቫርኒሹን ፈቀፈቅኩ።

"ያን ቀን ሞተሩን ስትከፍቺ በሩ ጋ ቆሜ ነበር" አለኝ። ቃሉ ይጎተትበታል፣ እየጠበቀው ነው የሚያወራው። "ፊትሽን አየሁት። አወቀች፣ አሁን ትናገራለች፣ እኔም እገላገላለሁ ብዬ ጠበቅኩ። አንቺ ማርሹ ነው አልሽኝ።"

"ታፍራለህ ብዬ ነው።"

"አፍር ነበር። እኔም ደግሞ ማርሹን ስትቀይሪ፣ ትንሽ ይንዳ ብላ ነው አልኩ። ፈቀደችልኝ ብዬ ወሰድኩት።" እጁን በእጁ ያዘ። "አንቺ እኔን ትጠብቂያለሽ፣ እኔ አንቺን። የሰው ልጅ እጅ አሰበርን።"

የሠላሳ ዓመት ባሌ ነው። በአንድ ትራስ ነው የምንተኛው። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ዝናብ አወራን።

ሚጡን ራሴ ደወልኩላት። እየነገርኳት ሳለሁ ዝም አለች፤ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" ስል "አለሁ እማዬ" አለችኝ። የፊታችን ቅዳሜ ትመጣለች።


ነሐሴ 2፣ ሐሙስ

ተራ አስከባሪው ደጄ መጣ። "እትዬ፣ ሹፌሩ መቼ ነው የሚመለሰው? ተራውን እየጠበቅኩለት ነው።"

መጠቅለያዬን ቁጭ አደረግኩ። "ባሌ ታሟል። ከእንግዲህ አይነዳም። ዝናብም አልነበረም፣ ጫማም አልነበረም" አልኩት።

ባርኔጣውን አወለቀ። "እናውቃለን እትዬ" አለኝ።


ነሐሴ 5፣ እሁድ

ሚጡ ትናንት ማታ ገባች። አባቷን በሩ ላይ ስታየው ፊቷን ምንም አላደረገችውም፤ ጎበዝ ናት። ከዚያ ጓሮ ሄዳ ሳህን ስታጥብ ቆየች። የታጠበ ሳህን ነው።

ጠዋት "አስተማሪዋ ጋ እሄዳለሁ" አለ። "ይቅርታ በሰው አይላክም።"

ሚጡ መኪና ልጥራ አለች። እምቢ አለ። ዳገቱን በእግሩ ነው የሚወጣው። ልከራከረው ነበር፤ ተውኩት። ጫማውን አሠርኩለት። ሸሚዙን ቆለፍኩለት። በሩ ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘኝ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ መንገድ ላይ ክንዴን ይዞኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም።

በተራው በኩል አለፍን። ሾፌሮቹ ሁሉ ቆመው ነበር። የቀለደ የለም። እሱ ነው ዝምታው የከበደው፤ "ምን ታያላችሁ፣ ኤሊ አይታችሁ አታውቁም?" አላቸው። ቃሉ ተንሸራተተበት፤ ሁሉም ግን ሰማው። ጥቂቶቹ ሳቁ። አንዱ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሦስት ጊዜ አረፍን። ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ጋ አጥሩ በአዲስ እንጨት ተጠግኗል፤ ቆሞ በመዳፉ ዳሰሰው። ከኋላችን አንድ ባለ ሦስት እግር መጥቶ ቀስ አለ፤ ሾፌሩ ልጅ እግር ነው፤ "ጋሼ፣ ግቡ ላድርሳችሁ" አለ።

"ሂድ ልጄ" አለው። "የዛሬውን ልውጣው። የነገውን አላውቅም።"

አስተማሪዋ በመስኮት አይታን ኖሮ ደረጃው ላይ ወጥታ ቆመች። ይቅርታ ለማለት ቀና ሊል ሞከረ። አፉ ቃሉን ሲፈልግ ጉልበቱ ተወው፤ ደገፍኩት፤ ክብደቱን ሁሉ እላዬ ላይ ጣለው።

እግሬን ከፍቼ ነበር የተዘጋጀሁት። ያ የጭነት ሸራ ብቻውን የሚወጥር ሰው፣ ሠርጋችን ቀን ብድግ አድርጎ ያሻገረኝ ሰው ነው፤ ይጥለኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ቀላል ነው። ምንም አይከብድም።